ከአስፋልቱ ሥር ያለችው ከተማ

ጋሽ ጆሮ ስለ ከተማቸው ሲያወሩ አፋቸው አይደክምም። አንድ እንግዳ ለሰላምታ ያህል "ከተማችሁ እንዴት ናት?" ብሎ ከጠየቃቸው አለቀለት፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ አውቶቡሱ ያመልጠዋል፣ እሳቸው ግን ገና የላይኛውን ሰፈር አልጨረሱም። "ሌላ አገር ውሃ የሚደርሰው በሞተር ተገፍቶ ነው" ይላሉ። "የኛ ግን ከኮረብታው ላይ በገዛ እግሩ ይወርዳል። የሚነዳው የለ፣ የሚጎትተው የለ። እንደ ሰዉ ነው ውሃውም፣ ጨዋ ነው።" እንግዳው ውሃ እንዴት ጨዋ እንደሚሆን ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት እሳቸው ወደ ሰዉ አልፈዋል። በዚህች ከተማ መንገድ ማዶ ያለ ሰው ሰላም ሳይባል አይታለፍም፤ በዚህች ከተማ መንገድ ለጠፋበት በጣት አይጠቆምለትም፣ እስከ በሩ ይሸኛል፤ በዚህች ከተማ... ማን ያቁማቸው!

እውነቱን እንናገር ካልን ከተማዋ እሳቸው እንደሚያወሩላት አይደለችም። አቧራዋም አቧራ ነው፣ ሰዋም ሰው ነው። ኩርፊያም ሐሜትም ወረፋ መጋፋትም አላት። ነገር ግን ይህን ፊት ለፊት ለጋሽ ጆሮ የሚነግር ደፋር እስካሁን አልተወለደም።

"ጆሮ" ብለው ስም ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት በውሃ መሥሪያ ቤት የመስመር ሠራተኛ ነበሩ። ከመሬት በታች ያለ ቧንቧ ሲያፈስ ከላይ ቶሎ አይታይም፤ ውሃው የቀለለውን መንገድ ይዞ ሄዶ ሌላ ሰው ደጃፍ ላይ ይወጣል። ጋሽ ጆሮ ታዲያ አንድ ቁራጭ ፌሮ ይዘው ይዞሩና አንዱን ጫፍ መሬት ላይ ተክለው ሌላውን ጆሯቸው ላይ ያስጠጋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። "እዚህ" ካሉ እዚያው ይቆፈራል። "የለም" ካሉ ደግሞ ፎርማኑ እንኳ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ መኪናው ይመለሳል። ተሳስተው ያውቃሉ የሚል ካለ ምቀኛ ነው።

ከቧንቧው ሌላ ቫልቮቹ አሉ። ቫልቭ ማለት ከመሬት ሥር ተቀብሮ ውሃውን ሰፈር በሰፈር የሚከፍትና የሚዘጋ ቁልፍ ነው። አንድ ቦታ ቧንቧ ሲሰበር የዚያን ሰፈር ቫልቭ ዘግተህ ትጠግናለህ፤ ሌላው ሰፈር ውሃውን ይጠጣል። ችግሩ ከተማዋ አስፋልት በአስፋልት ላይ ስትደርብ ኖራ ክዳኖቻቸውን ሁሉ አልብሳቸዋለች። ካርታ ነበር፤ የድሮው ቢሮ ጣሪያ ያፈሰሰ ጊዜ በሰበሰ። የውሃ መሥሪያ ቤት ካርታ ውሃ በላው ብለው ሰዎች ለአንድ ዓመት ስቀዋል። ከዚያ ወዲህ ካርታው የጋሽ ጆሮ ጭንቅላት ሆነ።

ከሁሉ አብልጠው የሚኮሩበት ግን አንድ የሥራ ደንብ ነበር። በዚህች ከተማ ውሃ ሳይነገር አይዘጋም። ቧንቧ ሊጠገን ሲል የመስመር ሠራተኞቹ ቫልቩን ከመንካታቸው በፊት ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ "ጤና ይስጥልን፣ ውሃ ልንዘጋ ነው፣ ያላችሁን ዕቃ ሙሉ" ይላሉ። ልብስ እያጠበች ያለች ካለች እስክታለቀልቅ ትጠበቃለች። ደንቡን ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፣ በወረቀትም አልሰፈረ። "ከተማ ማለት ይሄ ነው" ይላሉ ጋሽ ጆሮ። "ሕንፃማ ማንም ይገትራል።"

ጡረታ ሲወጡ ጭብጨባና ብርድ ልብስ ተሰጣቸው። እንደ ሌላው ጡረተኛ ግን ወዲያው አልተረሱም። ስልካቸው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይጮሃል።

"ጋሼ፣ የወፍጮ ቤቱ ቫልቭ የት ጋ ነበር?"

"ከወፍጮ ቤቱ ደፍ ወደ ፀሐይ መውጫ አሥራ አንድ እርምጃ!"

"ወፍጮ ቤቱ እኮ ፈርሷል፣ ጋሼ!"

"መፍረሱን ማን ጠየቀህ? ደፉ የነበረበትን አሳይሃለሁ። ጠብቀኝ፣ መጣሁ!"

ኮታቸውን አንጠልጥለው ሲወጡ ያያቸው ሰው ለሠርግ የተጠሩ ይመስለው ነበር።

ባለቤታቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆኗል። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነች፣ የተወለዱባት ቤት፤ አሁን አንዱን ክፍል የሚከፍቱት ለመጥረግ ብቻ ነው። ማታ ሬዲዮ ይከፍታሉ። ዜና አንባቢው "እንደምን አመሻችሁ" ሲል ጋሽ ጆሮ ከወንበራቸው ብድግ እንደ ማለት ብለው "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ፤ ከዚያ ሰው እንዳላያቸው ግራ ቀኝ ያያሉ። ማን ያያቸዋል? የሚያያቸው ቢኖር መች ለሬዲዮ ይመልሱ ነበር።

አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ሩቅ ከተማ አግብታ ትኖራለች። እሑድ እሑድ ትደውላለች።

"አባዬ፣ ምናለ እዚህ መጥተህ ከኔ ጋ ብትኖር? አንድ ክፍል ባዶ ነው።"

"ከተማዬን ለማን ጥዬ?"

"ከተማው አንተ ባትኖርም ውሃ ይጠጣል እኮ!"

"እሱን እናያለን። በይ ደህና ሁኚ።"

"ምነው፣ ሰው መጣ እንዴ?"

"አይ፣ ስልኩ እንዳይያዝ ነው። ቢሮ ሊደውሉ ይችላሉ።"

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይላል ያገሬ ሰው። መሥሪያ ቤቱ እንዳያጣቸው ብለው በሳምንት አንዴ በምትደውል ልጃቸው ጆሮ ላይ ስልክ የሚዘጉ አባት፣ እንግዲህ እኚህ ናቸው።

አንድ ቀን ጠዋት በራቸው ተንኳኳ። ስልክ እንጂ በር ስለማይጠብቁ ደንገጥ አሉ። ሲከፍቱ አንዲት ቀጭን ወጣት፣ ጭቃ የነካው ቦት ጫማ አድርጋ፣ ደረቷ ላይ አንድ ትንሽ መሣሪያ አንጠልጥላ ቆማለች።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሽ ጆሮ የሚባሉት... ይቅርታ፣ ትክክለኛ ስምዎን የነገረኝ የለም" አለች፣ እያፈረች።

"እኔም ከረሳሁት ቆየሁ። ግቢ" አሉ።

ከሌላ ከተማ ተቀጥራ የመጣች ኢንጂነር ናት። መሥሪያ ቤቱ አዲስ ካርታ ሊያዘጋጅ ነው፣ በኮምፒውተር። መሣሪያዋ የቆመችበትን ቦታ በክንድ ልክ ሳይስት ይመዘግባል። የማያውቀው አንድ ነገር ቢኖር ከመሬት ሥር ምን እንዳለ ነው። "ስለዚህ ጭንቅላትዎ ውስጥ ያለውን ሁሉ እዚህ ልገለብጠው ነው የመጣሁት" ብላ ሳቀች። ጋሽ ጆሮም ሳቁ። ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባል የለ? ከነዚያ ቧንቧዎች ግማሹን የቀበሩት እሳቸው ናቸው።

ዘጠኝ ሳምንት አብረው ዞሩ። በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ይገናኛሉ፤ እሳቸው ይራመዳሉ፣ እሷ ትከተላለች፣ ሁለት ቆፋሪዎች ከኋላ ይመጣሉ። መጀመሪያው ቀን ከዳቦ ቤቱ ጥግ ሰባት እርምጃ ቆጥረው "እዚህ" አሉ። ቆፋሪዎቹ ቆፈሩ፤ አፈር ብቻ። ጋሽ ጆሮ ላብ አጠመቃቸው። ወደ ጥጉ ተመልሰው እግራቸውን ቁልቁል ሲያዩ ቆዩና በድንገት ጭናቸውን መቱ። "እግሬ ነው! ያኔ ስለካው የጎረምሳ እግር ነበር። የድሮው ሰባት የዛሬው ዘጠኝ ነው!" ሁለት እርምጃ ጨመሩ። ዶማው ብረት መታ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁጥር በጠሩ ቁጥር ልጅቷ "አባባ፣ በድሮው ነው በዛሬው?" እያለች ታስቃቸው ነበር።

አባባ አለቻቸው። እንዲህ ሲባሉ ሆዳቸው ይባባል፤ እሷ ግን አታውቅም።

በየማዕዘኑ ወሬ አለ። እዚህ ጋ ጎርፍ የገባ ዓመት ሰዎች በር ነቅለው ድልድይ ሠርተዋል። እዚህ ጋ አንድ መካኒክና አንድ ሰዓት ሠሪ በአንድ የደጃፍ ጥላ ሃያ ዓመት ተኳርፈው፣ አንዱ ሲሞት ሌላው ሱቁን አርባ ቀን ዘግቷል። እዚህ ቦኖ ውሃ ጋ ባለቤታቸውን መጀመሪያ ያዩበት ነው። ባልዲ ይዛ ተራ ትጠብቅ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ከላይ ያለውን ቫልቭ ሊፈትሹ መጥተዋል። ተራዋ ሲደርስ ቫልቩን ቀስ አድርገው አጠበቡት። ባልዲው ሃያ ደቂቃ ፈጀ። "ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቆማ አየኋት" አሉ። ኢንጂነሯ እየሳቀች ማስታወሻዋ ላይ ምን እንደጻፈች አልነገረቻቸውም።

ልጅቷም ለከተማው ባዳ ነበረች፤ አንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ከማንም ሳትግባባ ትኖር ነበር። ጋሽ ጆሮ ለሁሉም ያስተዋውቋታል፤ ለፀጉር አስተካካዩ፣ ለልብስ ሰፊዎቹ፣ ለጋዜጣ ሻጩ። ሰባተኛው ሳምንት ላይ ሰዎች መንገድ ማዶ ሆነው ሰላም ይሏት ጀመር፤ አንዳንዴ እሷን ብቻ ሰላም ብለው እሳቸውን ይረሷቸዋል። "ይኸው፣ አሁን የኛ ሆንሽ" አሏት። ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ለዚህች ልጅ ከተማቸውን ከላይም ከታችም ሰጧት።

ሲያልቅ አያምር። ስምንተኛው ሳምንት ላይ ጋሽ ጆሮ ማዝገም ጀመሩ። አጭሩን መንገድ ትተው በዙሪያ ያስኬዷቸዋል፤ "ጉልበቴን" እያሉ ይቀመጣሉ፤ አንድ ቀን ሁለት ቫልቭ ብቻ አሳይተው ተመለሱ። ቆፋሪዎቹ ተጠቃቀሱ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ስለ እሳቸው የሚባለውን እሳቸው አልሰሙም። ቢዘገይም ግን የማያልቅ የለም። በዘጠነኛው ሳምንት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ተቀምጠው ልጅቷ መሣሪያዋን እያየች ጠየቀቻቸው።

"ሁለት መቶ አሥራ አራት ሆኑ። ሌላ ይቀራል እንዴ፣ አባባ?"

እሳቸው የሚያውቁት ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ነበር።

"የለም" አሉ፣ አፋቸውን ሞልተው።

እሷም "የለም" ብላ ጻፈች። ተነሥታ በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው፣ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው፣ ሄደች። ጋሽ ጆሮ ከሻይ ቤቱ የወጡት ወንበር መሰብሰብ ሲጀመር ነው።

ሦስቱን ያስቀሩት በክፋት አልነበረም። ፈሩ፣ ይኸው ነው። ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለው ሁሉ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ስልካቸው ለምን ይጮሃል? አንደኛው ቫልቭ ከትምህርት ቤቱ መታጠፊያ ላይ ያለው፣ የላይኛውን ሰፈር ከታችኛው የሚለየው ነው። እዚያ ያለው ቧንቧ እንዳረጀ ያውቃሉ፤ አንድ ቀን መፈንዳቱ አይቀርም፣ ያን ቀን "ጋሽ ጆሮን ጥሩ!" ይባላል። ሁለተኛው ከልብስ ሰፊዎቹ መደዳ ጀርባ ነው። ሦስተኛው ከገዛ በራቸው ፊት ለፊት ነው፤ እሱን ሊቆፍሩ የመጡ ቀን ሻይ አፍልተው ሊያወጡላቸው አስበው ነው ያስቀሩት።

አምስት ወር ጠበቁ። ገላቸውን ሲታጠቡ ስልኩን መስኮቱ ላይ ያስቀምጡታል። ገበያ ሲወጡ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ያደርጉትና በየመቶ እርምጃው አውጥተው ያዩታል። አልጮኸም። ልጅቷ ክፉ ሆና አይደለም፤ ሥራ በዛባት፤ መንገድ ላይ ስታገኛቸው መኪና አስቁማ ትስማቸዋለች፣ ግን ሁልጊዜ ትቸኩላለች። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የጋሽ ጆሮ ውሸት ግን እያደር ከበደ። ሁለት ጊዜ ሊናገሩ ቆርጠው እስከ መሥሪያ ቤቱ በር ሄዱ። ሁለተኛው ጊዜ ዘበኛው ተነሥቶ ተቀበላቸው።

"ጋሼ! ምነው ጠፉ? አሁንማ እርስዎን ማስቸገር ቀረ። ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል፣ አረፉ!"

"አረፍኩ" አሉና ተመለሱ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ፊታቸውን ሊታጠቡ ቧንቧውን ቢከፍቱት ሳል አለና ዝም አለ። ጋሽ ጆሮ ልባቸው ዘለለ፤ በደስታ ነው የዘለለ። በኋላ ይህን ለራሳቸው ማመን አቃታቸው። ቶሎ ብለው የሥራ ኮታቸውን ለበሱ፣ ጫማቸውን አጠለቁ፣ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ረፋድ ሆነ። እኩለ ቀን ሆነ። ኮታቸውን ሳያወልቁ ደረቅ ዳቦ በሉ። መሸ። ረቡዕም እንዲሁ ተቀምጠው ዋሉ፤ የደወለችው ልጃቸው ብቻ ናት፣ በቀኗ ሳይሆን እንዲያው ናፍቀዋት፤ "ቆይ፣ መስመሩን ልቀቂልኝ" ብለው ዘጉባት።

ሐሙስ ጠዋት ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ሁለት ባዶ ጀሪካን አንጠልጥላ በራቸውን አንኳኳች። ዓይኗ ቀልቷል።

"ጋሼ፣ የተረፈዎት ውሃ አለ? ሦስተኛ ቀኔ እኮ ነው።"

"የላይኛው ሰፈር ሄደሽ ለምን አትቀጂም?"

"የላይኛውስ የታለ! ከኮረብታው ከዋናው ነው የዘጉት፣ ከተማው በሙሉ ደርቋል። የፈነዳው ትምህርት ቤቱ መታጠፊያ ጋ ነው አሉ፤ መካከል ላይ መዝጊያ የለውም ተብሎ። እሱም ይሁን፤ ሳይነግሩን! ዕቃ ሙሉ ሳይሉን! በዚህ ከተማ እንዲህ ተደርጎ ያውቃል?"

ጋሽ ጆሮ በሩን ደገፍ አሉ።

"ምነው ጋሼ? አመመዎት እንዴ?"

"ሳይነግሩ?" አሉ ቀስ ብለው።

"ለማን ይንገሩ? ከተማው ሙሉ ነው፣ የስንቱን በር ያንኳኩ?"

ያለቻቸውን ግማሽ ጀሪካን ውሃ ሰጧትና ወጡ። መንገዱ ላይ ሰው በጀሪካን ተሰልፏል፤ ቦቴ መኪና የቆመበት ጥግ ላይ ሁለት ሴቶች በተራ ተጣልተው ይሰዳደባሉ። ሰላም የሚላቸው ሰው አጡ፤ ሁሉም ዓይኑን ጀሪካኑ ላይ ተክሏል። ጋሽ ጆሮ እንደዚያ ቀን በከተማቸው ብቻቸውን ሆነው አያውቁም።

መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ፎርማኑ ጉድጓድ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሟል። ኢንጂነሯ ከላይ ናት፤ ፊቷ በእንቅልፍ እጦት ገርጥቷል። ፎርማኑ ቀና ብሎ ሲያያቸው ጮኸ።

"ጋሼ! እኔ መጀመሪያውኑ ይደወልላቸው ብዬ ነበር! እሷ ናት እምቢ ያለችው!"

"ለምን?" አሉ ወደ ልጅቷ ዞረው።

"ምን ብዬ ልደውልልዎት፣ አባባ?" አለች። "እዚህ ቫልቭ የለም ብለውኛል። እርስዎ የለም ካሉ የለም ነው። ለሥራ አስኪያጁም ይህንኑ ነው ያልኩት፤ 'ሌላ ሰው ቢሆን እጠራጠር ነበር፣ እሳቸው ግን አይሳሳቱም' አልኩት።"

አምስት ወር ሙሉ የጠበቁት ስልክ ለምን እንዳልጮኸ አሁን ገባቸው። ያልጮኸው ስላመነቻቸው ነው።

ወደ ትምህርት ቤቱ የድሮ በር ምሰሶ ሄዱ፣ ጀርባቸውን አስደገፉ፣ አሥራ ስምንት እርምጃ ቆጠሩ። "እዚህ ቆፍሩ" አሉ። ፎርማኑ ጥያቄ አላበዛም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዶማው ክዳኑን መታ። ረጅሙ የብረት ማዞሪያ ወረደ፤ ሦስት ሰው ተረባርቦ ቫልቩን ዘጋው። የኮረብታው ዋና ተከፈተ ተብሎ ስልክ ሲመጣና የላይኛው ሰፈር ቧንቧዎች ማፏጨት ሲጀምሩ የተሰለፈው ሰው ሆ አለ። አንዷ እልል አለች። "የከተማችን ጆሮ!" እያለ አንዱ ትከሻቸውን መታ። ሌላው እጃቸውን ይዞ አልለቅ አለ። ጋሽ ጆሮ በየሌሊቱ ጣሪያ ጣሪያ እያዩ ሲያልሙት የነበረው ቀን ይኸው መጣላቸው፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

ሰዉ ጀሪካኑን ይዞ ሲበተን ልጅቷ ቀረብ አለቻቸው። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ረስተውት ነው አይደል፣ አባባ? ሁለት መቶ ምናምን ነገር ማን ይይዛል። አይጨነቁ፣ እኔ ለቢሮው አስረዳለሁ።"

የማምለጫውን በር ራሷ ከፈተችላቸው። "አዎ፣ እርጅና ነው" ቢሉ ነገሩ እዚህ ያልቃል፤ ታዝንላቸዋለች፣ ምናልባትም ከዛሬ ጀምሮ እየመጣች ትጠይቃቸዋለች። የሚያጡት ከተማቸውን የማይረሱ ሰው መባላቸውን ብቻ ነው። እሱንስ ይቅር ባሉ። ግን የተደበቁት ሌሎቹ ሁለት ቫልቮች አሉ። አንድ ቀን ከልብስ ሰፊዎቹ መደዳ ጀርባ ይፈነዳል፣ ያን ጊዜም እንደዚሁ ሳይነገር ይዘጋል፣ እሳቸው ያኔ ይኑሩ ይሙቱ ማን ያውቃል። 

"አልረሳሁም" አሉ። "ደበቅኩሽ። ሁለት ደግሞ አሉ።"

ልጅቷ የሰማችውን ያልሰማች መሰለች። "ምን አሉ?"

"ሦስቱን ሆን ብዬ ነው ያስቀረሁት።"

"ለምን?"

"ሥራው ካለቀ የሚጠራኝ የለም ብዬ። አንቺም አትመጪም ብዬ። ብቻዬን ነኝ፣ ልጄ፤ ሬዲዮ ነው የማናግረው።"

ፎርማኑ ጭቃውን ከእጁ እየጠረገ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። ልጅቷ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻላቸው ነበር።

"የተከራየሁበት ግቢ አራስ አለች" አለች በመጨረሻ። "ሁለት ቀን ከሥራ ስመለስ ከወንዝ ማዶ ውሃ ተሸክሜላታለሁ። በየመንገዱ ሰው ይሰድበኛል፤ 'ከውጭ የመጣች፣ የኛን ወግ የት ታውቃለች፣ ሳትነግረን ዘጋችብን' ይሉኛል። ሰላም ይሉኝ የነበሩት ሰዎች ናቸው። እኔ ግን የርስዎን ስም ላለማንሳት ዝም አልኩ፤ ምናልባት ይከፋዎታል ብዬ።" መሣሪያዋን ከቦርሳዋ አወጣች። "የት ናቸው?"

ወደ ልብስ ሰፊዎቹ መደዳ ሄዱ። እሳቸው ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ እንደ ድሮው። ጋሽ ጆሮ አሥር ብለው ቆጥረው ቆሙ። በድሮው ነው በዛሬው ብላ አልጠየቀችም። ተቆፈረ፣ ተገኘ፣ ተመዘገበ።

ከዚያ ወደ ሦስተኛው አመሩ። በራቸው ፊት ለፊት ሲደርሱ ቆፋሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ፎርማኑ በዓይኑ ቀጣው። ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ላይ ተነሥታ ደጃፏ ላይ ቆማለች፤ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቷል። ጋሽ ጆሮ "ሻይ ላፍላላችሁ" አሉ፤ "አይ ጋሼ፣ ቸኩለናል" አለ ፎርማኑ። ከደፋቸው አራት እርምጃ ላይ ክዳኑ ወጣ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጻፈች፤ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት።

"ሌላ አለ?" አለች፣ ቀና ሳትል።

"የለም" አሉ ጋሽ ጆሮ። "አሁን በቃ፣ ጨርሰሻል። ከዚህ መንገድ ሥር ሌላ የለም።"

ያን ጊዜ ነው ቀና ብላ ያየቻቸው። ብዙ አየቻቸው። በዓይኗ ቁጣ አልነበረም፤ እሳቸው ቁጣ ይፈልጉ ነበር። ከዚያ ወደ ቆፋሪዎቹ ዞረች።

"ለማንኛውም መንገዱን እስከ ጫፉ ድረስ እየወጋችሁ ፈትሹት" አለቻቸው።

ቆፋሪዎቹ ፎርማኑን አዩት። ፎርማኑ ጋሽ ጆሮን አያቸው፣ አንገቱን ደፋ፣ ዶማውንም ራሱ አነሣ። ሦስቱም ተሰልፈው እሳቸው በተወለዱበት መንገድ ላይ አንድ እርምጃ፣ አንድ ምት፣ አንድ እርምጃ፣ አንድ ምት እያሉ ወደ ታች ሄዱ። ጋሽ ጆሮ "የለም እኮ" አሉ። ትንሽ ቆይተው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት። ሰፈሩ ሁሉ ሰማቸው፤ ዶማው ግን አላቆመም።